በጄኔሪክ ክላስ ውስጥ ሁለት ሬከርዶች እኩል መሆናቸውን እንዴት ላረጋግጥ?

ሰላም፣ በዴልፋይ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የምትሠሩ እርዱኝ። ለማንኛውም ታይፕ የሚሆን ጄኔሪክ ዝርዝር እየጻፍኩ ነው። አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት ያው ነገር ቀድሞ መኖሩን ማየት አለበት። የታይፑን ቦታ በሚይዘው "ቲ" ላይ የእኩል ምልክቱን በቀጥታ ስጠቀም ኮምፓይለሩ አይቀበልም። ቲ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ነባሪውን የእኩልነት አወዳዳሪ ተጠቀምኩ። ለኢንቲጀርና ለስትሪንግ አሪፍ ይሠራል።

ችግሩ ሬከርድ (የተለያዩ መስኮችን በአንድ የያዘ ታይፕ) ላይ ነው። ነባሪው አወዳዳሪ ሬከርድን መስክ በመስክ አያይም፤ ሜሞሪውን ባይት በባይት ነው የሚያወዳድረው። ሬከርዴ ውስጥ ስትሪንግ አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻው) ብቻ ነው። ሁለት ስትሪንጎች ፊደል በፊደል አንድ ሆነው ሳለ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ ለየብቻ ከተሠሩ "እኩል አይደሉም" ይለኛል። አንዱን ከሌላው ኮፒ ሳደርግ ግን እኩል ናቸው ይላል። በጣም ያወዛገበኝ ይሄ ነው። በባይትና በኢንቲጀር መስኮች መካከል ለአሰላለፍ የሚገቡት 3 ባይቶችም ቆሻሻ ከያዙ ውጤቱን ያበላሹታል። ሬከርዱን ፓክድ ማድረግ (መስኮቹን ያለ ክፍተት ማስቀመጥ) ይህን ይፈታል፣ የስትሪንጉን ጣጣ ግን አይነካውም።

ሬከርዱ ላይ የእኩልነት ኦፐሬተር ጽፌያለሁ፤ አወዳዳሪው አይጠራውም። የራሴን አወዳዳሪ ሠርቼ ማቀበል እንደምችል አውቃለሁ። ግን ለእያንዳንዱ ሬከርድ መጻፍ፣ ለዲክሽነሪ ሲሆን ሃሹንም (ቁልፉን ለመፈለግ ከይዘቱ የሚሰላውን ቁጥር) አብሮ ማስተካከል ሊኖርብኝ ነው። የረሳ ሰው ካለ ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቀውም፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

በአርቲቲአይ (ፕሮግራሙ ሲሄድ ስለ ታይፑ መረጃ በሚሰጠው) መስኮቹን እየዞሩ ማወዳደር ይሻላል? ፍጥነቱስ? ወይስ ጄኔሪክ ክላሱ የሬከርዱን ኦፐሬተር እንዲጠራ የሚያደርግ መንገድ አለ? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ አሳዩኝ።