ስዋት ሞዴል በግልገል አባይ፦ ሰኔ ላይ ፍሰቱ በዛ፣ ነሐሴ ላይ አነሰ

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የላይኛውን ግልገል አባይ ተፋሰስ፣ ከሰከላ እስከ መራዊ አቅራቢያ ያለው የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ድረስ፣ በስዋት ሞዴል፣ ማለትም ከዝናብ፣ ከአፈርና ከመሬት አጠቃቀም ተነስቶ የወንዝ ፍሰትን በሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እያሰላሁ ነው። የዝናብ መረጃውን ከዳንግላ፣ ከአዴትና ከሰከላ ጣቢያዎች ወስጃለሁ። ሞዴሉ በሰኔ ከተለካው እጅግ የበለጠ ውሃ ያወጣል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያንሳል። ኩርቭ ነምበሩን (ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የሚወስነውን ቁጥር) ስቀንሰው ሰኔ ይስተካከላል፣ ነሐሴ ግን ይብስበታል። የዕለት ፍሰቱ የናሽ-ሰትክሊፍ ውጤት (ስሌቱ ከተለካው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው፣ ፍጹም ሲሆን 1 የሚሆነው መለኪያ) በቂ ከሚባለው ከ0.5 አላልፍ ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደገኛው፦
እህቴ፣ በአንድ ቁጥር ሰኔንና ነሐሴን ለማስታረቅ አትድከሚ። ኩርቭ ነምበር አሜሪካ ውስጥ የተቀመረ ነው፤ ጎርፉን በአፈር ዓይነትና በመሬት አጠቃቀም ይወስነዋል። በእኛ ደጋ ግን ክረምቱ ሲገባ የደረቀው መሬት ዝናቡን ይጠጣል፤ ጎርፉ የሚበረታው መሬቱ ከጠገበ በኋላ ነው። ከአንዲት ጥድ፣ ከአንጀኒና ከማይባር የምርምር ተፋሰሶች የተሰበሰበው የረጅም ዘመን መረጃ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲተነተን፣ ትነቱ ተቀንሶ የዝናቡ ድምር 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ወዲህ ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ እንደሚገባ ታይቷል። ስለዚህ ተፋሰሱን በአፈር ካርታ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ አቀማመጥም ክፈዪው። ውሃ የሚያቁረው የተራራ ግርጌ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ውሃ የሚያሰርገው ተዳፋት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጠው።

የጣቢያ ሰው፦
የተባለው እውነት ነው፤ እኔ ግን ሞዴሉ ከመነካቱ በፊት መረጃው ይመርመር እላለሁ። ዝናብ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለው በዛሬ ቀን ይመዘገባል፤ ሞዴሉም ጎርፉን አንድ ቀን አዘግይቶ ያመጣዋል። የወንዙ ከፍታ ደግሞ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብቻ ከተነበበ፣ በሌሊት መጥቶ የሚያልፈው ደራሽ ውሃ መዝገብ ላይ አይገኝም። ሌላም አለ፦ ከፍታው ወደ ፍሰት የሚቀየረው በቀመር ነው። ቀመሩ የተሠራበትን ትልቁን የተለካ ፍሰት ጠይቀሽ እወቂ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ግምት ነውና ሞዴሉን በእሱ አትቅጪው።

ሀብታሙ፦
በአጭሩ ልጨምር። 0.5 የሚለው መስፈርት በዋናነት ለወርሃዊ ስሌት የወጣ ነው፤ የዕለት ውጤት ዝቅ ቢል አይግረምሽ። ናሽ-ሰትክሊፍ ስህተቱን በካሬ ስለሚያባዛ ለትልልቅ ጎርፎች ያደላል። በፍሰቱ ሎጋሪዝም ደግመሽ አስዪው፤ የበጋው ፍሰት እንዴት እንደሆነ ያሳይሻል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታትም ለሞዴሉ ማሟሟቂያ ተያቸው፤ ውጤታቸውን አትቁጠሪ።

ተመራቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝናቡን አንድ ቀን ወደ ኋላ ስወስደው የጎርፉ ጫፎች ገጠሙ፤ የሰኔው ትርፍ ግን አሁንም አለ። ውሃ የሚያቁረውን መሬት ለመለየት የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ (በየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ የሚሰጥ) ይበቃል?

ደገኛው፦
ለመነሻ ይበቃል። ከፍታውን ተጠቅመሽ የእርጥበት ጠቋሚ፣ ማለትም ውሃ የት እንደሚጠራቀም የሚያሳይ ቁጥር፣ አስዪ፤ ካርታውን ግን ሳታረጋግጪ ወደ ሞዴሉ አታስገቢ። በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሰከላ ውጪና ገበሬዎቹን ጠይቂ። የትኛው ማሳ በየትኛው ሳምንት ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ሜዳ ከብት እንደማያስገባ አንድ በአንድ ይነግሩሻል። ቦታዎቹን በጂፒኤስ መዝግቢና ከካርታሽ ጋር አስተያዪ፤ የማይገጥም ካለ ወሰኑን በእነሱ ቃል አስተካክዪው።