በጥቁር ልብስ እንዴት ነው ባለማዕረግ የሚመስሉት?

የጦሳ ሥር እርሳስ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ የሰው ምስል በእርሳስ እስላለሁ። አንድ ደንበኛ የሟች አባቱን ጉርድ ፎቶ አምጥቶ «እንደ ድሮዎቹ የሆላንድ ሰዎች ባለማዕረግ አስመስለህ ሳልልኝ» አለኝ። ሳልኩት፣ መታወቂያ ፎቶ ሆኖ ቁጭ አለ። የጋቢውን ጥለት ወርቃማ ላድርገው ወይ እያልኩ ነው። የሆላንዶቹን ሳያቸው ግን አብዛኞቹ ጥቁር በጥቁር ናቸው። ታዲያ ክብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ክርን፦
ወንድሜ ወርቁን ተወው፣ እጁን አሳይ። ጉርድ ፎቶ እጅ ስለሌለው ነው መታወቂያ የመሰለብህ። እነሱ ጋ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ክርኑን ወደ ተመልካቹ የቀሰረ ሰው «ቦታው የኔ ነው» እያለ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ፍራንስ ሃልስ እ.ኤ.አ. በ1624 የሳለውን ፂሙን ያሾለ ወጣት እየው፣ ክርኑ ከሸራው ሊወጣ ምንም አልቀረው (የዘይት ቀለም ነው፣ ግን በጠመኔም ያው ነው)። ባልና ሚስት ለየብቻ ተስለው ሲሰቀሉም ብዙ ጊዜ ባል በሚስቱ ቀኝ ነው። ቀኝ የክብር ቦታ መሆኑ ለኛም አዲስ አይደለም መቼስ።

ነካሪው (ኮምቦልቻ)፦
ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቼ፣ ጥቁር ርካሽ አይምሰላችሁ። ሰው ሠራሽ ቀለም ባልነበረበት ዘመን ደህና ጥቁር የሚወጣው ጨርቁን መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ ውስጥ እየደጋገሙ በመንከር ነው። ርካሹን በብረት ያጠቁሩታል፣ እሱ ግን ይወይባል፣ ውሎ አድሮም ጨርቁን ይበላዋል። ስለዚህ ድቅድቅ ያለ ጥቁር የለበሰ ሰው ገንዘቡን ለብሶ ነው የሚዞረው። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ብራና፦
ጋሼ ተባረኩ፣ ይሄን አላውቅም ነበር! ለሠዓሊው ልጨምር። ልብሱ ላይ ጥቁሩን ጫን። ነጭ ኮሌታው ግን ወረቀቱ ራሱ ነው፣ አትንካው፤ ዳሩ ላይ ያለውን ዳንቴል ብቻ በሾለ ጫፍ አውጣው። ያንተ ሰውዬ ዳንቴል ጥለቱ ነው። ቀለም ካስፈለገህ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ ጠመኔ ይበቃል። የሆላንዱ ሠዓሊ ጎልትዚዩስ እ.ኤ.አ. በ1591 ቀራፂውን ጃምቦሎኛን በባለቀለም ጠመኔ ሲስለው ሰውየው ደም ያለው ይመስላል። የሚሳልበት ነገርም ይናገራል፦ ያገሩ ሰው ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1633 እጮኛውን ሳስኪያን የሳላት በብር ጫፍ (ጫፉ ከብር በተሠራ መሳያ)፣ ብራና ላይ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዶ ብራና ያየ ሰው ልፋቱ ይገባዋል።

የጦሳ ሥር እርሳስ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እናንተም። ትናንት ደንበኛውን ራሱን የአባቱን ጥቁር ካፖርት አስለብሼ አስቀመጥኩትና እጁን ከሱ ሳልኩ፣ እጃቸው አንድ ነው አሉ። ካፖርቱን አጠቆርኩ፣ ጋቢውን ወረቀቱ ላይ ተውኩት፣ ጥለቱ ብቻ ግማሽ ቀን በላኝ። ሲያየው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ወርቁስ?» አይለኝም!