ናፍጣ ላይ ኢታኖል ጨምሬ ጭሱ ቀነሰ፣ ሌላው ግን ግራ አጋባኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ አንድ ሲሊንደር ያላት አሮጌ የናፍጣ ውሃ ፓምፕ ይዤ፣ ናፍጣው ላይ 10 በመቶ ኢታኖል እየቀላቀልኩ ጭሷን እለካለሁ። ጭነት ሲበዛባት ጥቁሩ ጭስ በደንብ ይቀንሳል። ይሄ ገብቶኛል፤ ኢታኖል ከክብደቱ 35 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ስለሆነ ጥቀርሻው ያንሳል።

ችግሩ ጠዋት ነው። የኛን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል! በስንት ልመና ትነሳለች፣ ከተነሳች በኋላም ያለ ጭነት ስትሠራ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልተቃጠለው ነዳጅ ከንጹሕ ናፍጣው በላይ ይወጣል፣ ጭራሽ ታንኳኳለች። የኢታኖል የሲቴን ቁጥር (ነዳጁ ሞተር ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል የሚያሳየው) በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ሲተንም ሙቀት ይወስዳል። ግን እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ መሳሳትስ ድርሻው ምን ያህል ነው? ሸዋ ሮቢት ወርጄ እንዳልሞክራት፣ እዚያ ሙቀቱም ከፍታውም አብሮ ይቀየርብኛል።

ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ያሳደርኩት ድብልቅ ጠዋት ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ከብርዱ ነው ወይስ ኢታኖሉ ውስጥ ውሃ አለ? ቡታኖል የሚባለው ሌላው አልኮል ከናፍጣ ጋር የተሻለ ይዋሃዳል፣ ሲቴኑም ከኢታኖል ይሻላል፣ ግን የት ይገኛል?

ከጭሱ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድማ አንዴ ይጨምራል አንዴ ይቀንሳል። አማካሪዬ «አንብብ» ብቻ ነው የሚለኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፤ ነዳጅ የሚረጭበትን ጊዜ ትንሽ ላስቀድመው ወይስ ኢታኖሉን ወደ 5 በመቶ ላውርደው?