ጥቆማ፦ ለድረ ገጽ ፎቶ ማስገባትና ማስተካከል የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ድረ ገጽ መሥራት የለመድኩት በድሪምዊቨር ነው። አሁን ወደ ሌሎቹ ገጽ መሥሪያዎች፣ ወደ ዎርድፕሬስ ልዙር ወይስ ዊክስን ልሞክር እያልኩ አመነታለሁ። ጽሑፉ አያስቸግረኝም፤ ያስመረረኝ ፎቶው ነው። አንዳንዱ እኔ ኮምፒውተር ላይ አምሮ ይታይና ሰርቨር ላይ (ገጹ ለሰው በሚታይበት የኢንተርኔት ኮምፒውተር) ሲወጣ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሌላው ይከፈታል፣ ግን እስኪከፈት ሰው ጥሎ ይሄዳል። ለፎቶሾፕ የመክፈል ሐሳብ የለኝም። የሞከራችሁትን ጠቁሙኝ፣ እህታችሁን አግዙ።

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ምርጫዬን ልንገርሽ፤ ገጹን በዎርድፕሬስ፣ ፎቶውን በፎቶፒ ወይም በጊምፕ፣ የፋይሉን ክብደት ማቅለሉን በስኩሽ። ገጽ መሥሪያዎቹ አብዛኞቹ የራሳቸው ፎቶ ማስተካከያ አላቸው፤ ዋናውን ሥራ ግን እዚያ ባትሠሪው ይሻላል። ገጽ መሥሪያን የምትመርጪው ፎቶ ስለሚያሳምር ሳይሆን ፎቶው ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርገው አይተሽ ነው።

ከያዝሽው ልጀምር። ድሪምዊቨር እ.ኤ.አ. በ1997 በማክሮሚዲያ የወጣ፣ ኋላ በአዶቢ እጅ የገባ ነባር ሶፍትዌር ነው። ፎቶ ካስገባሽ በኋላ ክሊክ ስታደርጊው የፕሮፐርቲስ ሰሌዳ ላይ ክሮፕ (መቁረጫ)፣ ብርሃን ማስተካከያና ሻርፕን (ማጥሪያ) ይመጣሉ። ጣጣው እነዚህ ቁልፎች ራሱን ፋይሉን መቀየራቸው ነው። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ግን ማን ያነባል? ሁሉም ኦኬ ብሎ ያልፋል። ኮፒ ሳትይዢ አትንኪያቸው።

ዝግታው የሚመጣው ደግሞ ፎቶውን ለማሳነስ ጥጉን ይዞ ከመጎተት ይመስለኛል። የስልክ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች) አካባቢ ነው፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል። ጥጉን ጎትተሽ 800 በ600 ስታደርጊው ገጹ ላይ የሚታየው 480,000 ፒክስል ብቻ ነው፤ ጎብኚው የሚያወርደው ግን ያንኑ 12 ሚሊዮኑን፣ 25 እጥፉን ነው። ፍራሽ አጥፎ እንደመሸከም ቁጠሪው፤ ቦታው ጠበበ እንጂ ክብደቱ ያው ነው። መጎተት ኮዱ ውስጥ ያለውን የስፋትና የቁመት ቁጥር ይቀይራል፣ ፋይሉን አይነካም። ከጎተትሽ በኋላ እዚያው ሰሌዳ ላይ ሪሳምፕል የሚለውን ከተጫንሽ ፋይሉ ራሱ ይቀንሳል። እኔ ግን ቀድሞ በሌላ ሶፍትዌር ቀንሶ ማስገባቱን እመርጣለሁ።

ባዶ ሳጥን የሚሆንብሽ ጉዳይ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው፣ ፎቶው ከሳይቱ ፎልደር ውጭ፣ ምናልባት ዴስክቶፕሽ ላይ ነው ያለው። ኮዱን ከፍተሽ እዪው፤ የፎቶው አድራሻ ሲ ድራይቭን የሚጠራ ከሆነ የሚገኘው ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳይቱን ድሪምዊቨር ላይ መዝግቢው፤ ከዚያ ከውጭ ፎቶ ስታስገቢ ወደ ሳይቱ ፎልደር ልቅዳልሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን አይለይም፣ ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ግን ይለያል። አንዳንድ ካሜራ የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፤ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ከተጻፈ ፎቶው አይገኝም።

ዎርድፕሬስን የምመርጥበት ምክንያት እዚህ ነው። አንድ ፎቶ አፕሎድ ስታደርጊ በስፋት 300፣ 768፣ 1024፣ 1536፣ 2048 እያለ ትንንሽ ቅጂ ያወጣለታል፣ 150 በ150 የሆነችውን ትንሿንም ጨምሮ። ከ2560 ፒክስል የሚበልጥ ከሆነ ወደ 2560 የወረደ ቅጂ አውጥቶ በኦሪጅናሉ ፋንታ እሱን ይጠቀማል። ከዎርድፕሬስ ቨርዥን 4.4 ጀምሮ ደግሞ ስልክ ለያዘው ትንሹን፣ ትልቅ ስክሪን ላለው ትልቁን ብሮውዘሩ ራሱ እንዲመርጥ ያደርጋል። ይህን ድሪምዊቨር ላይ በእጅ ለመሥራት ለእያንዳንዱ ፎቶ አምስት ስድስት ፋይል ማዘጋጀት ነው። ሚዲያ ላይብረሪው ውስጥ መቁረጥ፣ ማዞርና መቀነስ አለ፤ ሲቆርጥም አዲስ ቅጂ ስለሚያወጣ ወደ ቀድሞው መመለስ ትችያለሽ። ብርሃንና ቀለም ማስተካከያ ግን አትጠብቂበት። ጽሑፍ ውስጥ ስታስገቢ ደግሞ መጠኑን ፉል ሳይዝ አታድርጊው፣ ላርጅ ለአብዛኛው ይበቃል።

ዊክስ ውስጡ ደህና ፎቶ ማስተካከያ አለው፣ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። ስኩዌርስፔስ የሚባለው ሌላው ገጽ መሥሪያም ከ100 እስከ 2500 ፒክስል ስፋት ያላቸው ቅጂዎች ራሱ ያወጣል፤ ፎቶው ሲቆረጥ የቱ ቦታ መቅረት እንደሌለበት ምልክት የምታደርጊባት ነጥብም አለችው፣ ፊት ያለበት ፎቶ ላይ ትጠቅማለች። ዊክስን የማልመክርሽ በአንድ ነገር ነው፤ የሠራሽውን ሳይት ነቅለሽ ሌላ ሰርቨር ላይ ልትከፍቺው አትችይም። ይህ ካላሳሰበሽ ግቢበት።

ወደ ፎቶ ማስተካከያዎቹ ስንመጣ፣ ፎቶፒ የሚሠራው ብሮውዘር ውስጥ ነው፤ ኢንስቶል የለም፣ የፎቶሾፕን ፋይል ይከፍታል፣ ፎቶሽም ከኮምፒውተርሽ አይወጣም። ማስታወቂያው ዓይን ይረብሻል እንጂ ነጻ ነው። ጊምፕ ሙሉ በሙሉ ነጻና ክፍት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ሴቭ ስትይ የራሱን የፋይል ዓይነት ነው የሚሰጥሽ፣ ገጽ ላይ አይወጣም፤ ለድረ ገጽ ኤክስፖርት የሚለውን ነው የምትጫኚው።

ስኩሽ ከጉግል ክሮም ቡድን የወጣች ትንሽ መሣሪያ ናት። ፎቶውን ትጥይባታለሽ፣ መሐሉ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት መስመር አለ፤ በአንድ ወገን ኦሪጅናሉን፣ በሌላው የቀለለውን እያየሽ ጥራቱን ዝቅ ታደርጊያለሽ። ከ75 ጀምሪና ጸጉርና የልብስ ሽመና ላይ አተኩረሽ እዪ፤ መበላሸት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ታች የፋይሉ ክብደት ምን ያህል እንደወረደ ይነግርሻል።

ፎርማት (የፎቶው ፋይል ዓይነት) ላይ ብዙ አትጨነቂ። ለፎቶ ጄፔግ ወይም ዌብፒ፣ ለሎጎና ለስክሪን ሾት ፒኤንጂ። ዎርድፕሬስ ዌብፒን የሚቀበለው ከቨርዥን 5.8 ጀምሮ ነው፣ ለሎጎ የሚሆነውን ኤስቪጂን ግን ያለ ፕለጊን (ተጨማሪ የሚጫን መሣሪያ) አይቀበልም።

ሌላ መልስ

ከላይ ያለው ወንድማችን ብዙውን በትክክል አስቀምጦታል፤ ድሪምዊቨር ላይ ግን ትንሽ ጨከነበት። አምስት ገጽ ላላት ሳይት ዎርድፕሬስ ማለት ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ አፕዴት፣ ፕለጊን፣ የይለፍ ቃል ጥበቃ ማለት ነው፤ ለጥቂት ፎቶ ብሎ ይህን ሁሉ መሸከም አይታየኝም። እሷ ኮድ ማየት የማይከብዳት ከሆነ ባለችበት ትቆይ። እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት መጠን፣ በ800 እና በ1600 ፒክስል ስፋት፣ አዘጋጅታ ብታስገባ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ የተዘለለ ነገር ልጨምር። ኮዱ ውስጥ ያሉትን የስፋትና የቁመት ቁጥሮች አትሰርዢ። አንዳንድ ሰው ለስልክ እንዲመች ብሎ ያጠፋቸዋል። ብሮውዘሩ ከእነሱ ተነሥቶ ፎቶው ሳይደርስ ቦታውን ይይዝለታል፤ ከሌሉ ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ድንገት ወደ ታች ይዘላል፣ አንባቢውም ያነብ የነበረውን መስመር ያጣል። ለስልኩ ሲኤስኤስ ላይ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ከፍተኛውን ስፋት መቶ ፐርሰንት፣ ቁመቱን አውቶ ማለት ይበቃል። ሌዚ ሎዲንግንም (አንባቢው እስኪደርስበት ፎቶውን ማቆየት) ከታች ላሉት ፎቶዎች ብቻ ተጠቀሚበት። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ለሚታየው ትልቅ ፎቶ ካደረግሽው እንዲያውም ታዘገዪዋለሽ።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አድራሻውን አየሁት፣ እውነትም ሲ ድራይቭ ይላል። ሁለት ነገር ልጨምር። የፋይሎቼ ስም በአማርኛ ነው፣ ችግር አለው? ደግሞ ቀድሞ የገቡት ፎቶዎች በጣም ብዙ ናቸው፤ አንድ በአንድ ስኩሽ ላይ መጣል ነው ወይ?

መልስ

በአማርኛ መሰየም አይከለከልም፣ ግን አልመክርሽም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር መለኪያ) ይወስዳል፤ አድራሻው ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ምልክቶች ስለሚጻፍ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ይይዛል። አምስት ፊደል ያለው ስም 45 ይሆናል፣ ለሰው ሊንክ ስትልኪ የሚነበብ ነገር አይደለም። ፋይሉን በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቃላቱን በሰረዝ እየለየሽ ሰይሚው። አማርኛሽን አልት ቴክስት (የፎቶው መግለጫ ጽሑፍ) ላይ ጻፊው፤ ፎቶው ባይከፈት የሚታየው፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪን ሪደር (ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር) የሚያነብለትም እሱ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ማስታወቂያና ርዕስ ፎቶ ላይ ጽፈሽ አትለጥፊ፤ ስልክ ላይ ፊደሉ ያንሳል፣ ኮፒም አይደረግም።

ለብዛቱ ስኩሽ አይሆንሽም፣ እሷ የምትሠራው አንድ በአንድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ኢርፋንቪው የሚባለው ሶፍትዌር ባች ኮንቨርዥን (ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ መቀየሪያ) የሚል አለው፤ ለንግድ ሥራ ካልሆነ ነጻ ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ ከያዝሽ ኤክስኤንኮንቨርትን ሞክሪ። ረጅሙን ጎን 1600 ፒክስል ብለሽ፣ ጥራቱን 80 አድርገሽ ፎልደሩን በሙሉ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ትችያለሽ። እዚያው ላይ ሜታዳታውን (ከፎቶው ጋር የተደበቀውን መረጃ) እንዲያጠፋ ምልክት አድርጊበት፤ ሎኬሽን በርቶ በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ይዞ ይዞራል፣ ቤት ውስጥ የተነሣ ከሆነ ደግሞ የቤትሽን አድራሻ ማለት ነው። ውጤቱ የሚገባበትን ፎልደር ግን ሌላ አድርጊ፤ እዚያው ከሆነ ኦሪጅናሎቹ ላይ ሊጽፍባቸው ይችላል።