«ምክር ከቡና ጋር በነፃ ይገኛል» ስንባል አጨበጨብን

የሙጋድ ልጅ፦
ቅዳሜ እዚህ ደሴ ስለ ወጣቶች ሱስ በተጠራው የሰፈር ውይይት ላይ ያልነበራችሁ ስሙኝ። አንዲት የጤና ባለሙያ እጇን አውጥታ «በመንግሥት ጤና ተቋም የሱስ አማካሪ ይጨመርልን፣ ያለው ሰው አልቻለም» አለች። ከመድረኩ የተሰጣት መልስ ይኸውና፦ «ለምክር ደሞዝ? እኛ እኮ ወሎዬዎች ነን። ምክር ከቡና ጋር በነፃ ይገኛል። በዚያ ብር ለወጣቱ ሥራ ይፈጠርበት።» ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ካጨበጨቡት መሃል ልጁን ከግሮሰሪ በር በባጃጅ የሚያስመጣ አባት አይቻለሁ። ያ ነው ያበገነኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ቡናው ያን ልጅ እስካሁን ለምን አላዳነውም?

ወሎዬው፦
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። አላፈርኩበትም። ልጁ ጠዋት ወጥቶ ግንብ ተደግፎ ይውላል። ሥራ የለው፣ ተስፋ የለው። አማካሪው ምን ሊለው ነው? «ሱስ መጥፎ ነው» ሊለው? እሱንማ አያቱም ነግራዋለች። ሥራ ስጡት፣ ብርጭቆውን ራሱ ያስቀምጠዋል።

የቦርከና ማዶ፦
ኧረ ባክህ! ኮምቦልቻ ውረድና እይ። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ስንቱ ወጣት ፈረቃ ገብቷል። ደሞዝ የወጣ ለታ ማታ ግሮሰሪዎቹን ዞር ዞር ብለህ እያቸው። ሥራ ያለውም ይጠጣል። እንዲያውም ሥራ ፈቱ በማን ብር?

ወሎዬው፦
የእናንተ የተለየ ነው። ቢራ ፋብሪካ ጎረቤት አድርጋችሁ ምን ትጠብቃላችሁ።

የቦርከና ማዶ፦
ቢራው እኮ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል ወንድሜ። ማን እንደሚያራግፈው አንተ ታውቃለህ።

ሲስተር ኤፍ፦
የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። የት እንደምሠራ አትጠይቁኝ። ስለ ነፃው ምክር ግን አንድ ነገር ልበል። ዓመታት ሙሉ በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው አለ እንበል። ቤተሰብ ቡና አፍልቶ መከረው፣ አለቀሱበት፣ እሱም ማለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። ሁሉም አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን አለ። በማግስቱ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ከብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ይለቅማል። ጉንዳን የለም። ቤተሰብ «ለክፎት ነው» ብሎ በር ይዘጋበታል። እንዲህ የሆነ ሰው ሊሞት ይችላል! ዲያዜፓም ያስፈልገዋል፣ ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልገዋል፣ ቀንና ሌሊት የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ እኔ ጋ የመጣን ጠጪ «አቁም» ብዬ አልጀምርም። «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው? ከዚህ በፊት ስታቆም አንዘፍዝፎህ ያውቃል?» ብዬ ነው የምጀምረው። ከቡና ጋር ይህን የጠየቀ ሽማግሌ ካለ ይምጣ፣ ወንበሬን እለቅለታለሁ።

ወሎዬው፦
ያልሽው ሁሉ ሕክምና ነው። ሐኪም ያድርገዋ። ለአማካሪው ደሞዝ ለምን እንደሚከፈል አሁንም አልነገርሽኝም።

ሲስተር ኤፍ፦
ዲያዜፓሙ ቢበዛ የሳምንት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው የደሞዝ ቀን ይመለሳል። ሥራው ያኔ ነው የሚጀምረው። ለጫት ደግሞ ምትክ የሚሆን መድኃኒት የለም። ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጮኸዋል። ሃራራው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚብስ፣ ጨብሲው፣ ማለትም የምርቃና መስበሪያው፣ ምን እንደሆነ እንነጋገራለን። ጫት ሊያቆም መጥቶ ስናወራ ትልቁ ችግሩ ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው የሆነበት ስንቱ ነው! ይህን በአንድ ቀን አይነግርህም። አንተ ስትነግረው ደግሞ ይከራከርሃል። ራሱ እስኪለው ትጠብቃለህ። መጠበቁ ነው ሙያው።

ነጋዴ ሸዋ በር፦
ይኸው ዞራችሁ ጫት ላይ መጣችሁ። ጫት በሕግ የተፈቀደ ንግድ ነው። ግብር እንከፍላለን፣ ቤተሰብ እናስተዳድራለን። አባቶቻችን ዱዓ ሲያደርጉበት የኖሩትን ከአረቄ ጋር አንድ ላይ አትቀቅሉት። ደግሞ እናንተ አማካሪዎች! ከእኔ ሱቅ የማይገዛ አለ? ስም ልጥራ?

ወሎዬው፦
ሃሃሃ! አላልኩም? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ለዚህ ነው ደሞዝ ጨምሩ የምትሉን?

ኡሙ ሀያት፦
ነጋዴው፣ ስም እንዳትጠራ። እፈር። ደንበኛህን እዚህ አውጥተህ ልትሸጥ ነው?

ነጋዴ ሸዋ በር፦
አልጠራሁም እኮ። ልጥራ ወይ ነው ያልኩት።

ሲስተር ኤፍ፦
ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚቅም ባልደረባ የለኝም ብዬ አልዋሽም። ደሴ ነው ያለነው፣ ጎረቤቴም ይቅማል፣ አጎቴም ይቅማል። መርቅኖ ታካሚ ፊት የተቀመጠ ካየህ ግን አመልክት። አብሬህ እፈርማለሁ።

ወሎዬው፦
«ከሥራ ሰዓት ውጭ» አለች። ከ11 ሰዓት በፊት ሱስ ነው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ባህል ነው ማለት ነው?

የሙጋድ ልጅ፦
አንተ ደግሞ የተጣላኸው ከደሞዙ ነው ወይስ ከሰዎቹ? ለይልን።

ያቆምኩት፦
እኔ ጠጪ ነበርኩ። አሁን አልጠጣም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመጽሐፍ ተምሮ የመጣ ልጅ አይገባውም። ያልቀመሰው ሰው «እረዳሃለሁ» ሲለኝ ከወንበሩ ተነስቼ መውጣት ነበር የሚያምረኝ። ደሞዙ ከተጨመረ ለእንደኛ ዓይነት ሰው ይሁን። በአሜሪካ የጠጪዎች መረዳጃ የሆነውን ኤኤን እኮ እ.ኤ.አ. በ1935 የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች ናቸው። አንደኛው ቀዶ ሐኪም ነበር። ሐኪም ሆኖ እንኳ ራሱን አላዳነም፣ ሌላ ጠጪ አግኝቶ ነው የተረፈው።

ወሎዬው፦
በል እንግዲህ! እነሱስ ደሞዝ ነበራቸው? በነፃ ነው የተመካከሩት። ቡናም ይጠጣሉ አሉ።

ያቆምኩት፦
ሰውዬ፣ ለአንተ እንዲመች አይደለም የተናገርኩት።

ሲስተር ኤፍ፦
ከሱስ የወጣ ሰው አብሮን ቢሠራ እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው። እኔ የማልችለውን ይችላል። ግን ሠልጥኖ ይምጣ። ብዙ ጊዜ የወጣበትን አንዷን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው። በጠበል የዳነ ሁሉንም ጠበል ይልካል፣ በዱዓ የዳነም እንዲሁ።

የግሸን ተጓዥ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እህቴ፣ ጠበል ላይ ምን አመጣሽ? ስንቱ ግሸን ወጥቶ ድኖ ወርዷል። በሰው እምነት አትቀልጂ።

ሲስተር ኤፍ፦
አልቀለድኩም። ሂዱ ነው የምለው። መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ሂዱ። ጠጪም ከሆነ መጀመሪያ መንቀጥቀጡ ይለፍለት፣ ከዚያ ተራራውን ይውጣ። ከዚህ ሌላ ምን አልኩ?

የግሸን ተጓዥ፦
አነጋገርሽ ነው።

ኡሙ ሀያት፦
አንቱ ወሎዬው፣ በታላቅነት ላክብርዎትና አንድ ነገር ልጠይቅ። በቡና የተመከረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃሉ? ሦስተኛው ሲኒ ሳይቀዳ ጎረቤት ሰምቶታል። ወንድሜ የሚጠጣ ነው። ዘመድ አዝማድ ሰብስበን፣ እጣን አጭሰን መከርነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። የእጮኛው ቤተሰብ ሳይቀር ሰማ። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ ከቤት ይወጣል። ለነርሷ የነገራትን ለእኛ ነግሮን አያውቅም። እሷም አልነገረችንም። ጠይቄያት «ራሱ ይንገርሽ» ነው ያለችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። የሚከፈላት ለዚያ ከሆነ ግን ይከፈላት።

ነጋዴ ሸዋ በር፦
ምስጢር ምስጢር ትላላችሁ። ካርድ ክፍል ሰው በተሰለፈበት «የአእምሮ ክፍል የሆንክ ወዲህ!» ብለው ሲጮሁስ? አክስቴን ይዤ ሄጄ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ሲስተር ኤፍ፦
የካርድ ክፍሉን ጩኸት ለእኔ አታሸክመኝ። እኔ ራሴ በር በማይዘጋ ክፍል ነው የምሠራው። ታካሚ አፉን ሲከፍት አንዱ «ስታፕለር አለ?» ብሎ ይገባል። ሰውየው ዝም ይላል። በዚያ ቀን መልሶ አይናገርም። ለዚህ ነው ሰውም ክፍልም ጨምሩልን የምንለው።

የሙጋድ ልጅ፦
ደግሞ የ2014ቱን ጦርነት የረሳን እንመስላለን። ደሴም ኮምቦልቻም ሆስፒታሎቻችን ተዘርፈው ነው የቆዩን። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንዲወስደው የሚጠጣ ሰው በእኔ ሰፈር ብቻ ስንት አለ። እሱን ማን ይምከረው? መካሪው ሽማግሌም ሌሊት ሲባንን ነው የሚያድረው።

ወሎዬው፦
ጦርነቱ የማይነሳበት ክርክር የለም እዚህ ቤት። እሺ፣ ቁጥር አምጡ። ሲስተር፣ ስንት ሰው አዳንሽ? የተቀጠርሽበት ደሞዝ ስንት ሰው አወጣ?

ሲስተር ኤፍ፦
ሦስት ወር ቆይቶ አንድ ቀን የጠጣን ሰው ከዳኑት ነው ከወደቁት የምትቆጥረው? እኔ ተመልሶ ከመጣ ከእኔ ጋር ነው እላለሁ። ያልመጣው ነው የሚያሳስበኝ።

ወሎዬው፦
አይቆጠርም በይኛ፣ እንገላገል።

የቦርከና ማዶ፦
ለሽማግሌዎቹ ነፃ ምክር ቁጥር ጠይቀህ ታውቃለህ አንተ? ከስንት ዘመን ጀምሮ ነው የሚመክሩት፣ ሪፖርቱ የት አለ?

ያቆምኩት፦
😂😂

ነጋዴ ሸዋ በር፦
ከነርስና ከጫት ነጋዴ በፊት ሕጉን የማያስከብሩትን ጠይቁ። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መጠጥ አይሸጥም ይላል። መታወቂያ የጠየቀ አንድ ግሮሰሪ አሳዩኝ፣ ሱቄን እዘጋለሁ።

ኡሙ ሀያት፦
አንተስ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ለለበሰ ልጅ ጫት ትሸጥ የለ?

ነጋዴ ሸዋ በር፦
ሕጉ ስለ ጫት አይልም እኮ።

ኡሙ ሀያት፦
ይኸው! ሕጉ ካላለ ሕሊናም አይልም።

የሙጋድ ልጅ፦
ወደ ነገራችን። የዚህ ሳምንት ውይይት ሐሙስ ነው። «አማካሪ ይጨመር» የሚል ፊርማ ይዤ እሄዳለሁ። ሁለት ሰው ቢቀጠር እንኳ ለውጥ ነው። ማን ይፈርማል?

ወሎዬው፦
እኔ አልፈርምም። ያን ቀንም አጨበጭባለሁ።

ያቆምኩት፦
አንደኛው ጠጥቶ ያቆመ ሰው ይሁን የሚል ከተጨመረበት እፈርማለሁ።

የቦርከና ማዶ፦
እኔ ደግሞ የት ነው የሚቀመጡት የሚለው ካልተጻፈ አልፈርምም። ሁለቱም ደሴ ሊቀሩ ነው፣ እናውቃችኋለን። የእኛ ሰው እየተንቀጠቀጠ 25 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይምጣ?

የሙጋድ ልጅ፦
ኤርፖርቱን ወሰዳችሁ፣ ፓርኩን ወሰዳችሁ። አማካሪውን እንኳ ለእኛ ተዉልን።

የቦርከና ማዶ፦
ሪፈራል ሆስፒታሉስ ማን ጋ ነው? አንዱ ኮምቦልቻ ካልሆነ የእናንተን ፊርማ የሚቃወም ፊርማ እኔ ነኝ የማዞረው።