የካውንስል አባል ነኝ፤ የባለቤቴ ወንድም ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ መጣ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ አዲሷ ዲን

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ዲን ሆኜ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በዲንነቴ የዩኒቨርሲቲው ካውንስል አባል ነኝ። ለቀጣዩ ስብሰባ ከተላኩልን አጀንዳዎች አንዱ የተማሪዎች ላውንጅ ተከራይ «ኪራዩ ይቀነስልኝ፣ ውሉም ይታደስልኝ» ብሎ ያስገባው ማመልከቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከመወሰናቸው በፊት የካውንስሉን አስተያየት ይፈልጋሉ። ተከራዩ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቦታውን የያዘው እኔ ሳልመደብ በፊት፣ ጨረታ አሸንፎ ነው፤ እጄ የለበትም። ግቢው ውስጥ ግን ዝምድናችንን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለፊርማ ዞሮ ደረሰኝ። ያን ቀን ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ግማሹ ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ሳለ፣ «ልዩ ልዩ» ላይ አንድ ዳይሬክተር ስለ ተሽከርካሪ ኪራይ በቃል ተናግረው ነበር። ማንም አልተወያየበትም። ቃለ ጉባኤው ግን «ካውንስሉ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» ይላል። ከእኔ በፊት ያሉት ሁሉ ፈርመዋል። ልፈርም? አልፈርምም ብል «ገና ከመምጣቷ ማስቸገር ጀመረች» መባሌ ነው።

የሕግ መምህሩ፦

እህቴ፣ ዝምድናው በራሱ ጥፋት የለውም፤ ችግሩ ሳይነገር ድምፅ ከተሰጠበት ነው። ዳኛ ከተከራካሪ ወገን ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል። አንቺም በዚያው መንፈስ ነው መሄድ ያለብሽ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች በነማን እንደሚተዳደሩ ይደነግጋል፤ የውስጥ አሠራሩን ዝርዝር የምታገኚው ግን በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የትምህርት ጉዳዮችን የሚመራው ጉባኤ (ሴኔቱ) ባወጣው የውስጥ ደንብ ውስጥ ነው። የእናንተን ፈልጊና ስለ ጥቅም ግጭት ምን እንደሚል እዪ። ምንም ባይል እንኳ የምታደርጊው አይለወጥም።

ከስብሰባው በፊት ለሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፊ። በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፤ ቁጥርና ቀን ያለበት ግልባጭ እጅሽ ላይ ይቅር። ሐተታ አያስፈልገውም፦ «በዚህ አጀንዳ የቀረበው ጉዳይ አመልካች የትዳር አጋሬ ወንድም ስለሆኑ በውይይቱም ሆነ በድምፅ አሰጣጡ እንደማልሳተፍ አሳውቃለሁ» ካልሽ በቂ ነው። በስብሰባው ቀን አጀንዳ ሲፀድቅ እጅሽን አውጥተሽ ይህንኑ በቃል ተናገሪ። ተራው ሲደርስ ከአዳራሹ ውጪ። ጥግ ይዞ ስልክ መነካካት እንደ መውጣት አይቆጠርም፤ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ እያዩሽ «ኪራዩ አይቀነስም» የሚል ማን ወንድ አለ? የወጣሽበትም የተመለስሽበትም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። አንቺ ስትወጪ ምልዓተ ጉባኤ የሚጎድል ከሆነም ሰብሳቢው ቀድመው ይወቁት።

ምንይሉኝ፦

ኧረ አታካብዱ! ካውንስል እኮ አማካሪ ነው፣ የሚወስኑት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰዉ ድምፀ ተአቅቦ ያደርግና ያልፋል። ደብዳቤ ምናምን ስትጽፊ ያልጠረጠረውንም ትቀሰቅሻለሽ።

የሕግ መምህሩ፦

@ምንይሉኝ፣ ፕሬዚዳንቱ ነገ ሲጠየቁ የሚመዙት «ካውንስሉ ደግፎታል» የሚለውን ወረቀት ነው። ምክር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ድምፀ ተአቅቦ ደግሞ ምክንያቱን አይናገርም፤ ጉዳዩ ያልገባውም ሰው ተአቅቦ ያደርጋል። ደግሞስ ተአቅቦ እስክታደርግ ድረስ ውይይቱን ሙሉ ተቀምጣ ሰምታለች፤ ማን ምን እንዳለ አውቃለች። ስለ መቀስቀሱ፣ ግቢው እንደሚያውቅ ራሷ ነግራናለች።

ጸሐፊዋ፦

ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። «በሙሉ ድምፅ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ በተንኮል አትገባም። ጸሐፊው ያለፈውን ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ ሲጽፍ ሳትጠፋ ትቀራለች። ስለዚህ በጥርጣሬ አትነሺ። መጀመሪያ ደውለሽ «የተሽከርካሪው ጉዳይ ተነሣ እንጂ አልተወሰነበትም፣ አስተካክልልኝ» በዪው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። እምቢ ካለ በጽሑፍ ጠይቂው።

እሱም ካልሠራ ፈርሚ፤ ግን ከፊርማሽ አጠገብ በእጅሽ «ስለ ተሽከርካሪ ኪራይ የተጻፈው ውይይት ያልተደረገበት በመሆኑ በልዩነት ፈርሜያለሁ» ብለሽ ቀን ጻፊበት። ሌሎች የፈረሙበትን ጽሑፍ አትሰርዢ፣ ፍሉድ አትቀቢ፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ጭራሽ ሳይፈርሙ መተው ሰው ጀግንነት ይመስለዋል፤ ፋይሉን በኋላ የሚያገላብጥ ሰው ግን ባዶ ቦታ ሲያይ የሚገምተው ከስብሰባው መቅረትሽን ነው።

«ልዩ ልዩ» ላይ ገንዘብ ያለበትን ነገር ማሾለክ የቆየ ብልሃት ነው። ሰነድ ያልተበተነበት የወጪ ጉዳይ ሲመጣ «ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ይቅረብልን» በዪ። ቢያስኮርፍም ኩርፊያው ከሻይ ዕረፍት አያልፍም።

ኦዲተር ነበርኩ፦

ጸሐፊዋ ያለችው ልክ ነው። ኦዲተር ግቢ ሲገባ ከክፍያ ሰነዱና ከውሉ ጋር አያይዞ የሚጠይቀው ቃለ ጉባኤ ነው፤ የፈረመውም ሰው ስም እዚያው ላይ አለ። የዩኒቨርሲቲ አመራሮች በዋና ኦዲተር ግኝት ፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ሲጠየቁ በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። ከግዥ ሥርዓት ውጪ የተፈጸመ ግዥና ያልተወራረደ ሂሳብ ደጋግመው ይነሣሉ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ገንዘቡ ተመላሽ ከሚሆን ተብሎ የመኪና ኪራዩም ዎርክሾፑም የሚጎርፈው ሰኔ ላይ ነው። ተጣድፎ የመጣ የሰኔ አጀንዳ ሁለቴ ይነበብ።

ስለ ላውንጁ ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ቦታው በጨረታ ከተሰጠ ኪራዩን መሃል ላይ መቀነስ የተሸነፉትን ተወዳዳሪዎችም ይነካል፤ በዚያ በተቀነሰው ዋጋ ቢሆን ኖሮ እነሱም ሊያሸንፉ ይችሉ ነበር። ግን ይህን አንቺ አትበዪው። የሕግ አገልግሎቱ ወይም የግዥ ክፍሉ ያቅርበው። አንዳንድ ሰው «ዘመዴን ከተቃወምኩ ማን ያማኛል» ብሎ ቁጭ ይላል። ተቃወምሽም ደገፍሽም ተሳትፈሻል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ባለቤትሽ ላውንጁ ውስጥ ገንዘብ አለው? ድርሻ ወይም ያበደረው? ካለው የራስሽ የቤት ጥቅም ስለሆነ ደብዳቤው ያንንም መጥቀስ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ሀብት ካስመዘገብሽም የትዳር አጋር ሀብት አብሮ ነው የሚመዘገበው፤ ሁለቱ ወረቀቶች እንዳይጋጩ።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ አዋጁ 1294/2015 ነው። ሌሎቹም በዚያው መንገድ ከሄዱ የራስ ገቢ ማስተዳደር ስለሚመጣ እንዲህ ያለ የኪራይ አጀንዳ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አሁኑኑ ብትለምዱት ይሻላል።

አዲሷ ዲን፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጸሐፊውን ደወልኩለት፤ እውነትም ከድሮው ፋይል የቀረ ነው፣ አስተካክሎ ድጋሚ ያዞረዋል። ባለቤቴ ላውንጁ ውስጥ ምንም የለውም፤ ጠይቄው ትንሽ ተቀይሞኛል። ደብዳቤውንም አስገባሁ። የቸገረኝ ሰብሳቢያችን ናቸው። ጠርተው «እኛ እናምንሻለን፣ የትም አትሄጂም፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ? ቤት ደግሞ «ቢያንስ ምን እንደተባለ ትነግሪናለሽ» ተብያለሁ።

ጋሽ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ሰብሳቢሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ካስወጡሽ ያሳፈሩሽ መስሏቸው ነው። ስለዚህ መውጫ ስጫቸው። ሁሉም ፊት ቆመሽ «ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የምወጣው የእናንተ ውሳኔ በእኔ ምክንያት እንዳይነቀፍ ነው» በዪና መልስ ሳትጠብቂ በሩን ክፈቺ። እሳቸውም ይከበራሉ፣ አንቺም ወጣሽ። እኔ ሰብሳቢ በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ያለኝን ሰው አስቀርቼ አላውቅም፣ ማስቀረትም አይቻልም።

የቤቱ ቀላል ነው። ያልነበርሽበትን ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ? አመልካቹ ውሳኔውን እንደማንኛውም ሰው በደብዳቤ ያነበዋል። ይልቅ ተጠንቀቂ፣ ስብሰባው እንዳለቀ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት ተቃወመች» የሚልሽ አይጠፋም። ጆሮ አትስጪው።

የተማሪዎች ተወካይ፦

ይቅርታ፣ በእህቴ ጥያቄ ላይ ልደረብ። እኔ ተማሪዎችን ወክዬ ሴኔት እገባለሁ። የዲፓርትመንታችን መምህር የደረጃ ዕድገት ይቀርባል እየተባለ ነው። ውጤት የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ልውጣ?

የሕግ መምህሩ፦

በዚህ ሴሚስተር የሚያስተምሩህ ከሆነ፣ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍህ አማካሪ ከሆኑ አሳውቅና ውጣ። ድሮ አስተምረውህ ከሆነ ተቀመጥ፤ ያስተማሩት ሁሉ ይውጣ ከተባለማ በእኛ አገር ሴኔት ውስጥ የሚቀረው ወንበሩ ብቻ ነው።