በውርስ ያገኘሁትን ባለ ጥቁር ባሩድ ጠመንጃ መተኮስ ይፈቀድልኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ከባለቤቴ አያት በውርስ የደረሰን፣ በ1850ዎቹ ገደማ የተሠራና በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ለዓመታት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆይቷል። ጥንታዊ በመሆኑ ፈቃድ እንደማያስፈልገው ሰምቻለሁ። የተኩስ ክበብ አባል ለመሆን ስላሰብኩ፣ እዚያ ወስጄ ልተኩስበት እችላለሁ? ትናንት ሳጸዳው መጠቅጠቂያው ዘንግ እስከ መጨረሻው አልገባ አለኝ፤ ዝገት ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 1፦ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በሕግ እንደ ጥንታዊ ስለሚቆጠር የሚያሳስብዎ ነገር ያለ አይመስለኝም።

መልስ 2፦ ከላይ የተጠቀሰው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንጂ የእንግሊዝ አይደለም። በእንግሊዝ፣ በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 58 ጥንታዊ መሣሪያን ከፈቃድ ነፃ የሚያደርገው ባለቤቱ ለጌጥ ወይም እንደ ብርቅ ዕቃ እስካስቀመጠው ድረስ ብቻ ነው። በ2021 የወጣው ደንብ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 በፊት መሠራቱን ይጠይቃል፤ የእርስዎ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ልተኩስበት ብለው በያዙት ጊዜ ግን ነፃነቱ ይቀራል። በርሜሉ ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ርዝመቱ 24 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የአደን ጠመንጃ ፈቃድ፣ ጠመዝማዛ ቦይ ካለው ግን ጠበቅ ያለውን የጦር መሣሪያ ፈቃድ አስቀድመው ከፖሊስ ማውጣት አለብዎ። ብዙዎች የሚዘነጉት ጥቁር ባሩድ ራሱ እንደ ፈንጂ ስለሚቆጠር፣ ለመግዛትና ለማስቀመጥ ለብቻው የምስክር ወረቀት የሚጠየቅበት መሆኑን ነው።

መልስ 3፦ ከሕጉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የዘንጉ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች እንደጎረሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው መገኘታቸው አዲስ አይደለም፤ እርጥበት ያላገኘው ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩ፣ ራስዎም ፊት ለፊቱ ሳይቆሙ ዘንጉን በቀስታ ያስገቡና አፈሙዙ ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ አውጥተው ከበርሜሉ ጎን በውጭ ያስተኙት። ጫፉ እሳት ከሚገባበት ቀዳዳ ሳይደርስ ከቀረ፣ እንደጎረሰ ይቁጠሩትና ለመቆፈር አይሞክሩ።

ጠያቂው፦ ለካሁት፤ አራት ጣት ያህል ጎደለው። ክፍሉን ቆልፌ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ደውያለሁ፤ የፈቃዱን ማመልከቻ ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።